የቀን ሥራ እየሠራሁ «ሥራ አጥ» ብዬ ልሙላ?

ጠያቂ፦ የአራብሳው

ሰላም ቤቶች።

የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ከእናቴ ጋር። በአካውንቲንግ ተመርቄ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። በሙያዬ ግን እስካሁን አልተቀጠርኩም። ቴሌግራም ላይ «0 ዓመት ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ አመለክታለሁ። አብዛኞቹ መልስ እንኳ አይሰጡም።

እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። እዚህ ሰፈር ሰው ቤቱን የሚረከበው ውስጡ ሳያልቅ ነው። የሚያስለስነው፣ ሴራሚክ የሚያስነጥፈው፣ ቀለም የሚያስቀባው ባለቤቱ ራሱ ነው። ሊፍት ስለሌለ አሸዋውም ሲሚንቶውም በትከሻ ነው የሚወጣው። የእኔ ሥራ እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ከልጆቹ ጋር አስፋልት ዳር እንቆማለን። ግንበኛ ወይም ቤቱን የሚያስጨርስ ሰው መጥቶ ይወስደናል። ሥራ የሚገኝበት ሳምንት አለ። ጭራሽ የማይገኝበትም አለ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ውጭ አገር ያለ ተቋም በኢንተርኔት የሚሰጠው የነፃ ሥልጠና አገኘሁ። ፎርሙ በእንግሊዝኛ ነው። አሁን ያለህበት ሁኔታ ምንድን ነው ይልና «ኢምፕሎይድ» (ተቀጣሪ)፣ «ሰልፍ ኢምፕሎይድ» (በራሱ የሚሠራ)፣ «አንኢምፕሎይድ» (ሥራ አጥ)፣ «ስቱደንት» (ተማሪ) የሚሉ ምርጫዎች አሉት። የትኛውን ልምረጥ? ቋሚ ሥራ የለኝም። ምንም አልሠራም ብዬ መሙላት ደግሞ ከበደኝ። ስሠራ እየዋልኩ እንዴት ብዬ?

ሌላም አለ። ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ ባለፈው ደውላ «አንኢምፕሎይመንት ላይ ነኝ» አለችን። እናቴ ሥራ መፍታቷን ሰምታ ክፉኛ አዘነች። ልጅቷ ግን በየሳምንቱ ገንዘብ ይገባልኛል አለች። ይሄ እንዴት ነው? እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር አለ?


መልስ፦ ባለ ባጃጁ

ወንድሜ፣ «አንኢምፕሎይድ» በልና ጨርስ። እኛ ሰፈር «እገሌ ሥራ ያዘ» የሚባለው ወር ጠብቆ ደሞዝ ሲቀበል ነው። አንተ እንደምትለው አስፋልት ዳር የሚቆም ሰው ጠዋት ሲወጣ ማታ ምን ይዞ እንደሚገባ አያውቅም። ይሄ ሥራ አለው ይባላል? እኔ አይባልም ባይ ነኝ።

እኔም ራሴ የምነዳው የሰው ባጃጅ ነው። ማታ ለባለቤቱ የቀኑን ገቢ አስረክባለሁ፣ የተረፈው የእኔ ነው። ገበያ ከሌለ አይተርፍም። እኔንስ ምን ትሉኛላችሁ?


መልስ፦ የአባዶዋ

የአራብሳው ወንድሜ፣ ጥያቄህ ነክቶኛል። በኮንትራት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። ታብሌት ይዤ ከአያት እስከ የካ አባዶ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሰውን ስለ ሥራው ጠይቄያለሁ። ትንሽ ስለሚረዝም ታገሰኝ።

በእንግሊዝኛው አንድ ሰው «አንኢምፕሎይድ» ለመባል ሥራ ማጣቱ ብቻ አይበቃም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ያስቀመጠው መስፈርት ሦስት ነገር ይጠይቃል። ሥራ የሌለው፣ ቢያገኝ ለመጀመር ዝግጁ የሆነ፣ ሥራ በመፈለግ ላይ ያለ። ሦስቱም መሟላት አለባቸው። ለዚህ ነው ጡረታ ወጥቶ ቤቱ ያረፈ አባት ሥራ አጥ ተብሎ የማይቆጠረው። ሥራ የማትፈልግ የቀን ተማሪም እንደዚያው። እነሱ ከሥራ ገበያው ውጭ ናቸው ይባላል፤ ከሠራተኛውም ከሥራ አጡም ወገን አይገቡም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። የምንጠይቀው ስላለፉት 7 ቀናት ነው። በዓለም አቀፉ መስፈርት በእነዚያ ቀናት ውስጥ ቢያንስ 1 ሰዓት ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራ ሰው ሥራ አለው። አዎ፣ 1 ሰዓት። ሰኞ አሸዋ አውጥተህ ከማክሰኞ ጀምሮ አስፋልት ዳር ቆመህ ባዶ እጅህን ብትመለስም፣ መጠይቁ ላይ ሠራተኛ ነህ።

ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ መንግሥት ቁጥር ለማሳነስ የፈጠረው ይመስለዋል። አይደለም፤ መስፈርቱ ሌሎችም አገሮች የሚሠሩበት ነው። ምክንያትም አለው። የአገር ምርት ሲደመር አንተ አሸዋ የተሸከምክለት ግድግዳ አብሮ ይደመራል። ግድግዳው ተቆጥሮ ተሸካሚው ካልተቆጠረ ሒሳቡ አይገጥምም። አካውንታንት ነህና ይሄ ለአንተ አይጠፋህም። እኔም እዚህ ድረስ እስማማለሁ።

የማልስማማው ቆጠራው እዚያ ላይ ሲያበቃ ነው።

አንድ ቤት ልንገርህ። አባዶ፣ ምድር ቤት። እናትየዋን «ባለፉት 7 ቀናት ሥራ ሠርተዋል?» ስላቸው «ኧረ ልጄ ምን ሥራ አለኝ፣ ቤት ነው የምውለው» አሉኝ። እያወራን ምጣዱ ላይ እንጀራ አለ። በፌስታል በፌስታል የታሰረው እንጀራ በር ላይ ተደርድሯል። ልጃቸው ተሸክማ ለሱቆች ልታደርስ ትጠብቃለች። እንጀራው ለቤት ብቻ ቢሆን የቤት ውስጥ ሥራ ተብሎ ያልፋል። ለሽያጭ ስለሆነ ግን እናትየዋ ሥራ አላቸው። ልጅቷም ያለ ክፍያ ቤተሰቧን ስለምታግዝ እሷም ሥራ አላት። እንዲህ ብዬ ሞላሁ። አሞላሉ ትክክል ነው። እሳቸው ግን ከጤፉ፣ ከመብራቱ የሚተርፋቸውን ሲነግሩኝ እንባዬ መጣ።

ብዙ ሰው ደግሞ «ሴፍቲኔት ነው የምትመዘግቢው?» ብሎ ይጠይቀናል። «የለኝም» የሚለው መልስ የሚበዛው አንዱ ለዚያ ነው። እርዳታ የሚመጣ ይመስላቸዋል። በዚህ አልፈርድባቸውም።

መጠይቁ ላይ ሰው የማያውቀው ሌላ ክፍል አለ። ስንት ሰዓት ሠራህ፣ ተጨማሪ ሰዓት ብታገኝ ትሠራለህ ወይ፣ ለመሥራትስ ዝግጁ ነህ ወይ ይላል። አንተ የምትወጣው እዚያ ላይ ነህ። ሥራ አለው፣ ግን አልበቃውም። የዚህ ወገን ቁጥር ለብቻው ይወጣል። ሬዲዮ ላይ ግን ማን ያነበዋል? አንብበው የሚነግሩን አንዱን ቁጥር ብቻ ነው። በ2013 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት የሥራ አጥነት መጠን 8 በመቶ ነበር። ከተማ ብቻ ሲታይ 18.7 በመቶ ነው። ገጠሩ ዝቅ የሚለው ሁሉም ጥሩ ሥራ ስላለው አይደለም። የቤተሰቡን ማሳ የሚያርስና የሚያርም ሁሉ ሠራተኛ ተብሎ ስለሚቆጠር ነው። ከተማ ውስጥ ደግሞ የሴቶቹ ከወንዶቹ ይበልጣል። እኔ በዞርኩባቸው ብሎኮችም ያየሁት ይሄንኑ ነው። ዲፕሎማና ዲግሪ ይዘው ቤት የተቀመጡ ሴቶች ልጆች ብዙ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ አገር ጥናት ላላ ያለ መስፈርት ይጠቀማል። ሥራ ፍለጋ የተወ ሰው ለመሥራት ዝግጁ ነኝ ካለ ሥራ አጥ ተብሎ ይቆጠራል። አሜሪካ ግን ባለፉት 4 ሳምንታት ሥራ በተግባር ፈልገህ መሆን አለበት። ተስፋ ቆርጠህ ከተቀመጥክ ከዋናው ቁጥር ትወጣለህ። በዚህ በኩል የእኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ከአራብሳ መገናኛ ለመመላለስ የታክሲ ሒሳብ ያጣ ልጅ መፈለግ ስላቆመ ሥራ አጥ አይደለም ሊባል አይገባም።

ስለ ፎርሙ። «ሰልፍ ኢምፕሎይድ» አትበል፤ አንተን ሌላ ሰው ነው የሚያሠራህ፣ የራስህ ድርጅት የለህም። «ኢምፕሎይድ» ብትል ቋሚ ደሞዝተኛ አድርገው ያዩሃል። ፎርም የሚጠይቀው ያለፈውን 7 ቀን ሳይሆን በአጠቃላይ ያለህበትን ሁኔታ ነው። ስለዚህ «አንኢምፕሎይድ» ምረጥ። ከታች ስለራስህ የምትጽፍበት ቦታ ካለ ግን የቀን ሥራውን በግልጽ ጻፈው። እንዳትደብቀው። ተመርቆ ሲሚንቶ ተሸክሞ ቤቱን የሚደግፍ ልጅ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ባለ ባጃጁ ወንድሜ፣ ያንተን ጉዳይ እኛም ለመሙላት እንቸገር ነበር። አለቃ የለህም እንዳይባል ገቢውን የሚወስነው ባለንብረቱ ነው። ተቀጣሪ እንዳትባል ደሞዝ የለህም፣ ኪሳራው ያንተ ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም አቀፉ አመዳደብ ለእንዲህ ዓይነቱ ሠራተኛ ራሱን የቻለ ምድብ ተከፍቷል፤ በራሱ የሚሠራ ግን በሌላ ሰው ላይ ጥገኛ የሆነ የሚል።


መልስ፦ የአራብሳው

እህቴ እግዜር ይስጥልኝ። ለእናቴ አነበብኩላት። የእንጀራዋን ሴትዮ ነገር ስትሰማ «እኔን ነው እንዴ ያየችው?» አለች። እሷም ትጋግራለች።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። ወረዳ ሄጄ በሥራ ፈላጊነት ልመዘገብ አስቤ ነበር። መረጃ ሰብሳቢ ቤታችን ቢመጣና የቀን ሥራ እሠራለሁ ብለው ወረዳው ሥራ አለህ ብሎ ይሰርዘኛል?


መልስ፦ የአባዶዋ

አይገናኙም። ለጥናት የምትሰጠው መልስ በሕግ ምስጢር ነው፤ ስምህ ተነጥሎ ለወረዳ አይሄድም። ወረዳው ላይ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የሚያደርገው ምዝገባ ሌላ ነው። እሱ በስምህ ነው፤ የሚመዘግቡህም ከሥራ ወይም ከሥልጠና ጋር ሊያገናኙህ ነው። መታወቂያህንና የትምህርት ማስረጃህን ይዘህ ሂድ። የቀን ሥራ እሠራለሁ፣ የምፈልገው በሙያዬ ነው ብለህ እውነቱን ንገራቸው። ስልክ ቁጥር ስትቀይር ተመልሰህ አስተካክል። ተመዝግበው ስልካቸው ስለማይሠራ ብቻ የሚያመልጣቸው ብዙ ናቸው።


መልስ፦ ለገጣፎ ዳር

ልጄ፣ ስለ አክስትህ ልጅ እኔ ልንገርህ። ቨርጂኒያ ብዙ ዓመት ኖሬ ነው የተመለስኩት። አሁን ለገጣፎ ነኝ።

እዚያ ሰው «አንኢምፕሎይመንት ላይ ነኝ» ሲል ሥራ ፈትቻለሁ ማለቱ ብቻ አይደለም። የሥራ አጥነት መድን ክፍያ እየተቀበልኩ ነው ማለቱ ነው። እናትህን አጽናናት። ልጅቷ ሥራ ላይ እያለች አሠሪዋ በእሷ ስም ግብር ሲከፍል ነበር። ያ ገንዘብ የሚጠራቀመው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ልመናም ምጽዋትም አይደለም።

ሕጉ የወጣው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን። እንግሊዞች ቀድመው በ1911 ጀምረውታል። የአሜሪካው የሚተዳደረው በየስቴቱ ነው። በአብዛኞቹ ስቴቶች እስከ 26 ሳምንት ይከፈላል። መጠኑ ከቀድሞ ደሞዝህ ያነሰ ነው። ለሁሉም ሰውም አይሰጥም። ቀድሞ ሠርተህ መሆን አለበት። ከሥራ የወጣኸው በራስህ ጥፋት መሆን የለበትም። ክፍያውን እየተቀበልክም ሥራ መፈለግህን በየጊዜው ታሳውቃለህ።

እዚያ ያሉት ልጆቻችን ብዙዎቹ ታክሲና ራይድ ነጂዎች ናቸው። እነሱ እንደ ባለ ባጃጁ በራሳቸው የሚሠሩ ስለሚባሉ በወትሮው ይሄ ክፍያ አይደርሳቸውም። በ2020 በኮቪድ ጊዜ ነው ለየት ያለ ፕሮግራም ወጥቶ በራሱ የሚሠራውም የተካተተው። ያን ጊዜ የብዙ ሰው የቤት ኪራይ የተከፈለው በዚያ ገንዘብ ነበር።

ሌላ የሚሳሳቱበት ነገር አለ። መንግሥት ሥራ አጥ የሚቆጥረው ክፍያ የሚቀበለውን ብቻ ይመስላቸዋል። ቁጥሩ የሚወጣው በየወሩ ወደ 60,000 የሚጠጋ ቤተሰብ ተጠይቆ ነው። ክፍያ ተቀበልክም አልተቀበልክም ትቆጠራለህ።


መልስ፦ ከልብስ ስፌት

ለሁለተኛው ጥያቄህ፣ እኛ አገር የሥራ አጥነት መድን የለም። እኔ በደንብ አውቀዋለሁ። ቦሌ ለሚ በኩል ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ እሠራ ነበር። ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታግድ ልብሱ ያለ ቀረጥ መግባቱ ቀረ። ከዚያ ትእዛዝ ቀነሰ፣ ፈረቃው ታጠፈ፣ በመጨረሻ እኛም ተቀነስን። ከአንድ ክፍል አራት ሆነን ጎሮ የተከራየን ልጆች ነበርን። አንዷ ወደ ክፍለ ሀገር ተመለሰች። ሁለቱ ዓረብ አገር ሄዱ። ስማቸውን ሳነሳ አሁንም ሆዴ ይባባል።

እኛ አገር ያለው የሥራ ስንብት ክፍያ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ አለ። የሙከራ ጊዜህን ጨርሰህ በቅነሳ ከወጣህ ይገባሃል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ ነው። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል። ጠቅላላው ከ12 ወር ደሞዝ አይበልጥም። በቅነሳ ሲሆን የ2 ወር ማስጠንቀቂያም መሰጠት አለበት። ያልተጠቀምክበት የዓመት ፈቃድ ካለ ወደ ገንዘብ ተቀይሮ ይከፈልሃል።

እኛ ይሄን አናውቅም ነበር። የሰጡንን ፈርመን ልንወጣ ስንል አንዲት የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ «ሒሳቡን በጽሑፍ ካላያችሁ አትፈርሙ» ብላ አስቆመችን። በእሷ ምክንያት የብዙዎቻችን ክፍያ ተስተካከለ። ማንም ሰው ከሥራ ሲወጣ ይሄን ይያዝ። ከደሞዛችሁ 7 በመቶ ለጡረታ ሲቆረጥ እንደነበር፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ሲጨምር እንደነበርም አትርሱ። ነገ ሌላ ቦታ ስትቀጠሩ አገልግሎታችሁ እንዲያያዝ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ያዙ።

የአራብሳው፣ አንተ ግን የቀን ሠራተኛ ስለሆንክ ይሄ ሁሉ አይደርስህም። ውል የለህም፣ ጡረታ የለህም። ደረጃ ላይ ወድቀህ ብትሰበር ማን ያሳክምሃል? እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ሥራ አለው ተብሎ መቆጠርህ ሳይሆን ሥራው ምንም ዋስትና የሌለው መሆኑ።


መልስ፦ ባለ ባጃጁ

ልክ ነሽ እህቴ። ባለፈው አንድ ልጅ ከደረጃ ወድቆ በእኔ ባጃጅ ነው ጤና ጣቢያ ያደረስነው። የታከመው ጓደኞቹ ባዋጡት ነው። አሠሪው ስልኩን አላነሳም።


መልስ፦ የአራብሳው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፎርሙን እንደተባለው ሞላሁት። ስለራስህ ጻፍ በሚለው ቦታ ላይ የቀን ሥራውንም አስገባሁ።

ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። አብሬው የምውለው አንድ ግንበኛ የሚይዛቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። የሠራተኛውን ሒሳብ፣ የገባውን ሲሚንቶና አሸዋ የምመዘግብለት እኔ ነኝ፣ ማታ ማታ በደብተር። ይሄ ልምድ ተብሎ ይጻፋል? ችግሩ ማህተም የለውም። ፈቃድ ያወጣ ድርጅት አይደለም።


መልስ፦ ከልብስ ስፌት

ይጻፋል እንጂ! ሲቪህ ላይ አስገባው። ማህተም ያለው የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሚጠይቁ መሥሪያ ቤቶች አይቀበሉህም፤ እሱን እወቅ። የግል ድርጅቶች ግን አንዳንዶቹ ማህተም አያጠብቁም፣ ሠርተህ ስታሳያቸው ያያሉ። ግንበኛው ስምህን፣ የሠራኸውን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ጽፎ ይፈርምልህ። ስልኩን ይጨምርበት። ደብተሩን ደግሞ ወደ ኤክሴል ገልብጠው። ወጪና ገቢው በቤት በቤት ተለይቶ ይታይ። ቃለ መጠይቅ ስትጠራ የሰዎቹን ስም አጥፍተህ አንዱን ገጽ አትመህ ያዝ።


መልስ፦ የአባዶዋ

ኤክሴል ላይ ከተቸገርክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት አባዶ ነኝ፣ ላፕቶፕም አለኝ። ለእናትህም ሱቆቹ የሚያቆዩባትን ሒሳብ አብረን እንመዝግብላት።